ሐይቅ ከተማ ለማን ታዋጣለች?

በአውሮጳና በአሜሪካ ገንዘብ የያዘ ሰው የብርዱ ወራት ሲቃረብ አንድ ጥያቄ ያነሣል። ዘንድሮ የትኛዋ የተራራ ከተማ ትሻላለች? በረዶዋ የሚበዛው፣ ኪራይዋ የሚቀለው፣ መንገዷ የማይዘጋው የቷ ናት እያለ ያማርጣል። አንዳንዱ ለሳምንት ሄዶ በስኪ ተንሸራትቶ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ወዶ እዚያው ቤት ይገዛል። ኢትዮጵያ ውስጥ ስኪ የሚያስኬድ በረዶ የለም። ማማረጡ ግን አለ። ቢሾፍቱ ጠበበች፣ ሐዋሳ ተወደደች የሚለው ባለገንዘብ ደጋንና ውሃን አንድ ላይ ሲፈልግ፣ ከሚነሡለት ስሞች አንዷ በደቡብ ወሎ የምትገኘው ሐይቅ ከተማ ናት።

ደላላ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ዘወትር በመስከረም የተነሣ ነው። ተራራው ለምልሞ፣ አደዩ ፈንድቶ፣ ውሃው ሰማይ መስሎ ይታያል። ይህን አይቶ ልቡ የማይደነግጥ የለም። ለመሆኑ ግን እዚያ ሎጅ የሚያቆም፣ የእረፍት ቤት የሚሠራ ወይም ጡረታውን ይዞ የሚገባ ሰው ገንዘቡን የሚመልስለት ማን ነው? ከቦሌ ኤርፖርት የሚወርደው የውጭ ጎብኚ ነው ብሎ ያሰላ ሁሉ ከወዲሁ ሒሳቡን ቢከልስ ይበጀዋል። የሐይቅ ከተማ እውነተኛ ደንበኛ ደሴና ኮምቦልቻ ተቀምጧል።

ነገሩን ለመረዳት የበረዶ ከተሞቹን አነጋገድ ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ ኮሎራዶ የምትገኘው አስፐን ዛሬ የባለጸጎች መናኸሪያ ትሁን እንጂ የተቆረቆረችው በብር ማዕድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 የብር ዋጋ ሲወድቅ ከተማዋም አብራ ወደቀች፤ ሰው ጥሏት ሄደ። የተነሣችው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 እና በ1947 መካከል በነበረው የብርድ ወቅት ሰውን ወደ ተራራው አናት የሚያወጣ የወንበር ገመድ ተዘርግቶላት ነው። ከዚያ ወዲህ መሬቷ እየተወደደ ሄዶ አልጋ የሚያነጥፈውና ምግብ የሚያቀርበው ሠራተኛ ከተማዋ ውስጥ መኖር ስላቃተው፣ ብዙው ከሸለቆው ታች በአውቶቡስ እየተመላለሰ ያገለግላል። አንድ ከተማ በአንድ ዕቃ ብቻ ስትነግድ ዕቃው ሲወድቅ አብራ ትወድቃለች፤ ዕቃው ሲወደድም የራሷን ሰው ታስወጣለች።

ከስኪ ጋር የኢትዮጵያ ስም የሚነሣው በሮቤል ተክለማርያም ነው። ሮቤል እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያን ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በካናዳ ቫንኩቨር በተደረጉት የክረምት ኦሊምፒኮች በአገር አቋራጭ ስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። ስኪውን የለመደው በልጅነቱ በኒው ዮርክ ግዛት በሌክ ፕላሲድ አካባቢ ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። ይህች ሌክ ፕላሲድ ለሐይቅ ከተማ ከአስፐን ይልቅ የቀረበች ምሳሌ ናት። ተራራ የከበባት፣ ውሃ ዳር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ የክረምት ኦሊምፒክን በ1932 እና በ1980 ሁለት ጊዜ አስተናግዳለች። ይሁንና በረዶው ሲቀልጥ አትዘጋም። በሙቀቱ ወራት ውሃውና ተራራው ራሱ ሰው ይጠራል። በመኪና ሊደርስባት የሚችል ብዙ ሕዝብም በዙሪያዋ አለ።

ሐይቅስ? ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከደሴ ደግሞ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ወልድያና መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከፍታዋ 2 ሺህ ሜትር ገደማ በመሆኑ 2 ሺህ 500 ሜትር አካባቢ ላይ እንደተሰቀለችው ደሴ አትበርድም፤ ወደ 1 ሺህ 850 ሜትር እንደወረደችው ኮምቦልቻም አትሞቅም። ወደ ሰሜን የአምባሰል ተራሮች ቆመዋል። የሐይቁ ውሃ ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ቆሮሶና አምባዛ ይወጣበታል። የአምባሰል ማርና የአምባሰል ቅኝትም ለወሎ ሰው ነጋሪ የሚሹ አይደሉም።

ታሪክ የሚፈልግም አያጣም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ እንደተማሩ ገድላቸው ይናገራል። የኢየሱስ ሞዓ አራቱ ወንጌል ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ወረድ ሲልም ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና ጣሊያን የተዋዋሉባት ውጫሌ እዚያው አምባሰል ውስጥ ናት። ይህ ሁሉ ለአስጎብኚ የሚመች ወሬ ነው። ነገር ግን ወደ ገዳሙ ቅጥር ግቢ ሴት አይገባም። ስለዚህ ባልና ሚስት ወይም ወንድና ሴት የተቀላቀሉበት ቡድን ይዞ የሚመጣ ድርጅት፣ ግማሹ ሰው ገዳሙን ሲሳለም ቀሪው የት እንደሚውል አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ጀልባና አንድ ጥላ ያለው ምሳ ቤት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለውጭ ጎብኚ ብቻ መገንባት ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። ላሊበላ አለች። ሰው ልደትን ሊያከብር ይጎርፍባት ነበር፤ በቀሪው ጊዜ የምትኖረው በአውሮፕላን በሚመጣ እንግዳ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ አውሮፕላኑን አስቀረ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ራሷን ከተማዋን ያዘ። ሆቴሎቹ አልጋቸውን አንጥፈው ባዶ ከረሙ፤ የባንክ ወለድ ግን ወረርሽኝም ጦርነትም አያውቅም። ከስሜን ተራሮች ሥር ያለችው ደባርቅም ብትሆን እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ፓርክ ደጃፏ ላይ እያለ፣ ጎብኚ ሲቀር ሌላ የሚተካላት ደንበኛ በቅርብ የላትም። ትልቁ ከተማ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃታል።

የሐይቅ ብልጫ እዚህ ላይ ነው። ሐይቅ ከተማ ጎብኚ ባይመጣም ገበያ አላት። በጎዳናው የሚያልፈው ጭነት፣ የተሁለደሬ ገበሬ እህልና ጫት፣ የወረዳው ሠራተኛ ደመወዝ፣ ዓሣው፣ ሁሉም በየፊናው ያንቀሳቅሷታል። በግማሽ ሰዓትና በአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ውስጥም ሁለት ትልልቅ ከተሞች፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክና አንድ ኤርፖርት ይገኛሉ። (ፓርኩም ቢሆን አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ተጠቃሚነት እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ካስወጣች ወዲህ ገበያው ተጎድቶበታል፤ ስለዚህ የፓርኩን ሠራተኛ ቁጥር በደንበኛ መዝገብ ላይ በጅምላ ማስፈር አይገባም።)

ሒሳቡን በቁጥር ማየት ደግሞ ሕልምን ከሥራ ይለያል። 20 አልጋ ያለው ሎጅ በዓመት ለ365 ሌሊት የሚያከራየው 7 ሺህ 300 አልጋ ነው። ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚመጣው ሰው ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ሁሉንም አልጋ ለ52 ሳምንት ሳያጓድል ሞላው እንበል። ይህ በራሱ የማይሆን ነገር ነው፤ ቢሆንም ግን የሚገኘው 2 ሺህ 80 አልጋ፣ ማለትም ከመቶ 28 ከግማሽ ገደማ ነው። ሰባ ከመቶው ባዶ ይቀራል ማለት ነው። በመስከረም 21 የግሸን ደብረ ከርቤ በዓል ሰሞን ወደ አምባሰል የሚጎርፈው ምእመን ጥቂት ሌሊቶች ይጨምር ይሆናል፤ ግን እሱም አብዛኛው ስንቁን ቋጥሮ፣ በአውቶቡስ አድሮ የሚሄድ እንጂ የሎጅ አልጋ የሚፈልግ አይደለም። እንግዲህ በአልጋ ላይ የቆመ ዕቅድ ከጅምሩ ወድቋል።

የሚያዋጣው ከሰዓት በፊት መጥቶ ከሰዓት በኋላ የሚመለሰው ሰው ነው። ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነዳ፣ ምሳ በላ፣ ልጆቹን በጀልባ አስዞረ፣ ቡና ጠጣ፣ ሄደ። ይህ ሰው አልጋ አይፈልግም፤ በወር ሁለቴ ግን ሊመጣ ይችላል። ከእሱ ጋር ሠርግ፣ ምርቃት፣ የመሥሪያ ቤት ስብሰባና የባንክ ቅርንጫፍ ሥልጠና ይደመራል። ስለዚህ ገንዘቡ መፍሰስ ያለበት ከሃያ ክፍል ይልቅ ስድስት ክፍል፣ አንድ አዳራሽና አንድ ጥሩ ወጥ ቤት ላይ ነው።

ስለ ወጥ ቤቱ ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ወሎ እስላምና ክርስቲያኑ ተጋብቶና ተዋልዶ የሚኖርበት አገር ነው። ተጋብቶም ቢሆን ግን ሥጋው ይለያል። አዲስ አበባ ላይ የሆቴል ትርፍ ከቢራና ከጥሬ ሥጋ ነው ብሎ የለመደ ባለሀብት ያንኑ ሒሳብ ይዞ ሐይቅ ቢገባ፣ ከደንበኛው ገሚሱ በር ላይ ይመለስበታል። ዓሣ ግን ባራኪ አይፈልግም። ሁለቱም ወገን ከአንድ ትሪ የሚቆርሰው ሥጋ እሱ ነው። በጾም ወራትም ዓሣ የሚበላው ክርስቲያን ቁጥሩ ቀላል አይደለም፤ ካህኑ ቢቆጣም። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የደሴን ነጋዴዎች ሁሉ ሊያስቀምጥ የሚችል ምግብ ከዚያው ከሐይቁ እየወጣ፣ ሌላ የምግብ ዝርዝር መፈለግ ትርፍ ድካም ነው።

አሁን ደላላ ወደማይወደው ወሬ እንምጣ። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢያቸውን ጨምሮ በጦርነቱ ተይዘው፣ በኅዳር መጨረሻ እስኪመለሱ ድረስ ፋብሪካውም ሆስፒታሉም ሱቁም ተዘርፏል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ ሰው ተነፈስኩ ሲል፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ቢያበቃም ግጭቱ አብሮት አላበቃም። መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ይህን የማይጠቅስ የንግድ ዕቅድ ዕቅድ ሊባል አይችልም።

አንዳንዱ ታዲያ እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ሐይቅ ማውራት ምን ይጠቅማል ይላል። ይጠቅማል። መሬት የሚመረጠው ሰላም ሲሆን ሳይሆን ሰው ሲፈራ ነውና፣ አሁን የሚመለከተው ሰው ተረጋግቶ ይመለከታል። ነገር ግን በብድር መግባት የለበትም። መንገድ ለሦስት ወር ቢዘጋ ደመወዝ የሚከፍልበት ጥሬ ገንዘብ የሌለው ሰው ይቅርበት። ኢንሹራንስ አለኝ ብሎም አይዘናጋ። ተራው የእሳት ፖሊሲ ጦርነትንና ሁከትን አይሸፍንም፤ ለዚያ ተጨማሪ ክፍያ ያለው የተለየ ሽፋን መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙ ነጋዴ ይህን ያወቀው ሱቁ ከተዘረፈ በኋላ ነው።

የመሬቱ ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ እንዲተመን በመደረጉ፣ ከውጭ የሚላክ ዶላር አገር ቤት ሲደርስ ብዙ ብር ይሆናል። ዋሽንግተንና ዴንቨር ያለው የወሎ ልጅ ውሃ ዳር አንድ ሺህ ካሬ ሲባል ርካሽ ቢመስለው አይገርምም። የሚሸጥለት ግን ምንድን ነው? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በከተማ ክልል ውስጥ በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት በሊዝ ይያዛል። ከከተማው ክልል ውጭ ያለው የገበሬ ይዞታ ነው፤ ገበሬው የመጠቀም መብት እንጂ የሚሸጠው መሬት የለውም። ጎረቤት ምስክር ሆኖ፣ ሽማግሌ ፈርሞ፣ ብር ተቆጥሮ የተያዘ ውል ፍርድ ቤት ሲደርስ ዋጋ አይኖረውም። «ካርታው በቅርቡ ይወጣል» የሚለው ቃል ስንቱን እንዳከሰረ ከደላሎቹ በላይ የሚያውቅ የለም። ለገበሬውም ቢሆን የተቀበለው ብር በሁለት ዓመት ያልቃል፤ ልጁ ደግሞ ነገ በተሸጠው ማሳ ላይ ዘበኛ ሆኖ ይቀጠራል። የአስፐን ሠራተኛ ዕጣ ማለት ይኸው ነው።

በዚያ ላይ ውሃው ራሱ አለ። የሐይቁ ውሃ በወንዝ ይገባለታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ የለውም። የገባው ነገር እዚያው ይቀራል። የጣና ዳር ሆቴል ቆሻሻ ቢለቅ ዓባይ የተወሰነውን ይዞለት ይወርዳል (ይህም የሚያስመሰግን አይደለም)፤ ሐይቅ ዳር የተለቀቀ ፍሳሽ ግን የሚሄድበት የለውም። ዳገቱን አርሶ ደለል ያወረደው ገበሬም፣ ፍሳሹን በቱቦ የሰደደው ሎጅም የሚከማችባቸው እዚያው ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ሐረር ለመጠጥ፣ ገበሬው ለጫትና ለአትክልት የሳቡት የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ውስጥ ደርቆ መሬት እስኪሆን ድረስ ማንም አልደነገጠም ነበር። ቆይቶ ውሃው በከፊል ቢመለስም፣ ዳርቻው ላይ በውሃው ተስፋ የተሠራ ሁሉ በነዚያ ዓመታት ደረቅ ሜዳ ሲመለከት ከርሟል። ለስኪ ከተማ በረዶ የሆነው ለሐይቅ ከተማ ይህ ውሃ ነው። በመሆኑም ከዳርቻው ራቅ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ወዲህ ከፍ ያለ ቦታ ላይ መሥራት ለባለሀብቱም ይሻለዋል። ዕይታው ከዚያ የበለጠ ነው፤ ሊዙም በከተማ ክልል ውስጥ ስለሚሆን ሕጋዊ ነው፤ የዓሣ አስጋሪውም መተላለፊያ አይዘጋም። ቢሾፍቱ ላይ ሆቴል ሳይገቡ ውሃውን ማየት እንዴት እንዳስቸገረ የሚያውቅ ሰው ይህ ይገባዋል።

ለመኖር የሚመርጣትስ? ከውጭ ተመልሶ፣ ልጆቹን አሳድጎ፣ ጸጥታና ደህና አየር የሚፈልግ ሰው ሐይቅን ከደሴ ቢያስበልጥ አይፈረድበትም። ብርዱ ይቀላል፣ ጫጫታው ያንሳል፣ እህሉና ማሩ ከማሳው ይመጣል። ትልቁ ሆስፒታል ግን ደሴ ነው ያለው። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሌሊት ሠላሳ ኪሎ ሜትሩን መንዳት ይቻል እንደሆነ፣ በተለይ መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን፣ ለራሱ መመለስ አለበት። የሚሻለው አንድ ዓመት ተከራይቶ መኖር ነው። በስኪ ከተሞቹም ቤት ከመግዛቱ በፊት በረዶው ቀልጦ ጭቃው ሲመጣ የሚከራይ ሰው አስተዋይ ይባላል። ለሐይቅ ደግሞ ፈተናው ነሐሴ ነው።

በነሐሴ የሚሄድ ሰው በቅዳሜ ሳይሆን በማክሰኞ ቢሄድ ይመረጣል። መብራት ስንት ሰዓት እንደቆየ ሻይ ቤት ገብቶ ይጠይቅ። የቧንቧው ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ይወቅ። ምሳ ሰዓት ላይ ከደሴ ይምጡ ከአዲስ አበባ፣ ዓሣ ቤቱ ደጃፍ የቆሙትን መኪኖች ይቁጠር። ከዚያ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ገብቶ የመጨረሻው የሊዝ ጨረታ በካሬ ስንት እንደተዘጋ ጠይቆ፣ ደላላው ከነገረው ዋጋ ጎን ይጻፈው።